ፎቶዎቹ ከካሜራው ሲወጡ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለሚስቴ የወንድሟ ልጅ፣ በሰው አገር ላለሽው፤

ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ውኃዬን ራሴ እቀዳለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ራሴ እወጣለሁ። ልጅሽንም ጠዋት ጠዋት ፊቷን አጥቤ ጸጉሯን የማበጥርላት እኔው ነኝ። ማበጠሩ ላይ ገና ነኝ። «አባባ፣ ጭንቅላቴ እኮ በር አይደለም!» ትለኛለች። አርባ ዓመት በርና መስኮት ሲበይድ የኖረ እጅ ከዚህ በላይ አይለሰልስም። ይህን ሁሉ የዘረዘርኩልሽ ባለፈው ደብዳቤሽ «ማን ያግዝዎታል?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው። ማንም አያግዘኝም። መልሱ ይኸው።

እንደምን ከርመሻል? ጤና ይስጥሽ፣ የቆምሽበትን መሬት ያልምድልሽ። እኛ ደኅና ነን። አክስትሽ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። ጫማዋ አሁንም በሩ ሥር ነው። ልጅሽ እያጠለቀችው ጓሮ ትወጣበታለች፣ አልከለክላትም። ጉንዳን ነው የምላት፤ ያገኘችውን ሁሉ እየጎተተች ቤት ታስገባለች። ትናንት የጎረቤት መጥረጊያ አመጣች።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ያለሽበት አገር ቢሮዎች ያንቺና የልጅሽ ደም አንድ መሆኑን በምርመራ ካረጋገጡ በኋላ፣ ደግሞ ሳትሄጂ በፊት አብራችሁ መኖራችሁን የሚያሳይ ፎቶ አምጪ አሉሽ። ፎቶ ከሌለ ልጅሽን አንሰጥም አሉ። ጉድ እኮ ነው! ፎቶ ያልተነሳ ሁሉ እናት የለውም ማለት ነው? ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ቢሮ ደግሞ ሁለቱንም ነው። ፎቶዎቹ ያሉት ባንቺ ቪዲዮ ካሜራ ውስጥ ነው፣ ካሜራው ያለው እኔ ዘንድ ነው፣ ስለዚህ ሥራው የእኔ ነው።

መጀመሪያ ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ባለቤቱ አገላብጦ አየውና «አባት፣ ይሄ ሙዚየም ነው የሚገባው። ለማንኛውም ይተዉልኝና በሳምንት ይምጡ» አለኝ። «አንተም በሳምንት ሙዚየም ያስገባህ» ብዬው ይዤ ወጣሁ። ልጅሽ ገላዋን ስትታጠብ ሳይቀር እዚያ ውስጥ አለች። ለማላውቀው ሰው እንኳን ሳምንት፣ ሰዓትም አልተውም።

ኮምፒውተር እንደሆነ አለን። አክስትሽ ጡረታ ስትወጣ የምታጸዳበት ትምህርት ቤት አሮጌውን ሰጥቷት ነበር። የትምህርት ቤቱ ባለሙያ «ለሌላው አቅም የለውም» ብሎ ሊኑክስ የሚባለውን ፕሮግራም ጫነበት። ሲከፈት የወፍ ሥዕል ስለሚያሳይ ልጅሽ «ወፊቱ» ትለዋለች። ገመዱን ሰካሁ። ካሜራው በራ። ወፊቱ ዝም። ነቅዬ ሰካሁ፣ ዝም። ዝም የሚለኝን ነገር ደግሞ አልወድም።

የማደርገውን ጻፊልኝ። በስልክ እንዳትሞክሪ። ጆሮዬን መዶሻ ጨርሶታል፣ የማልሰማውን «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ነው የምዘጋብሽ።

ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።
የአክስትሽ ባል


ኅዳር 2

ለአባቴ፣ ለአክስቴም ምትክ ለሆኑኝ፤

ከእግርዎ በታች ሆኜ እጅ እነሣለሁ። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሳሉስ ተወዎት? እኔ ደኅና ነኝ። ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው ያለሁት፣ ከአንሶላ ጋር። ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ስለሆነ ብርዱ አያገኘኝም፣ እሱ አንድ ደስታ ነው።

ደብዳቤዎን ለብቻዬ ሆኜ ነው ያነበብኩት። «ጭንቅላቴ እኮ በር አይደለም» ያለችው ላይ ስደርስ ሳቅኩ፣ ከዚያ መቀጠል አቃተኝ። ይህን ያህል ረጅም አረፍተ ነገር ትናገራለች? ትቻት ስመጣ የምትለው «ውኃ» እና «እንቢ» ብቻ ነበር።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልብስ ተኳሽ አለ፤ ቤቱ ያለው ኮምፒውተር እንደ እርስዎ ሊኑክስ ነው። በምሳ ሰዓት እያስረዳኝ ጻፍኩት። እባክዎ በቅደም ተከተል ያድርጉት።

ካሜራው ጎን ላይ የሚዞር ጎማ አለ። ሦስት ሥዕል አለው፤ አንዱ ማንሻ፣ አንዱ ካሴት፣ አንዱ ትንሽ ካርድ። ካሴቱ ላይ ከሆነ ኮምፒውተሩ አያየውም፣ ዝም ያለዎት ለዚህ ይመስለኛል። ፎቶዎቹ ያሉት ካርዱ ላይ ስለሆነ ወደ ካርዱ ያዙሩት። ከዚያ ገመዱን ይሰኩና ይታገሡ። ምንም ካልመጣ ተርሚናል የሚባለውን ጥቁር መስኮት ይክፈቱና ለብቻው ወረቀት ላይ በትልቁ የጻፍኩልዎትን መስመር እንዳለ ይገልብጡት። ነጥቡንም ባዶ ቦታውንም እንዳይተዉ። የማለፊያ ቃል ይጠይቅዎታል፤ ኮምፒውተሩን ሲከፍቱ የሚጽፉትን ራሱን ጽፈው ትልቁን ቁልፍ ይጫኑ። ፎቶዎቹ ሲገቡ እዚህ ፖስታ ውስጥ ወደላክሁት ፍላሽ ይገልብጧቸው። ገመዱን ግን ኮምፒውተሩ «ንቀል» ሳይልዎት እንዳይነቅሉ፤ ካርዱ ይበላሻል ብሎኛል።

ቢሮው የሰጠኝ ጊዜ እስከ መጋቢት መጨረሻ ነው። ካለፈ ማመልከቻው ይዘጋል፣ እንደገና ለማስከፈት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የሚነግረኝ ሰው እንኳ የለም። ሁሉንም ይላኩልኝ። ሐይቁ ዳር ቢጫ ቀሚስ ለብሳ የተነሣነው፣ በራችን ላይ የመጀመሪያ ዓመቷን ስትሞላ የተነሣነው፣ ብዙ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ስለ እኔ ትጠይቃለች?

ዕድሜ ይስጥልኝ።
ልጅዎ


ኅዳር 27

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን አለሽ? እኛ ይመስገነው።

ያልሺውን ሁሉ አደረግሁ። ጎማው ካሴቱ ላይ ነበር፣ ልክ ነሽ። ወደ ካርዱ አዞርኩት። አሁንም ዝም ሲለኝ ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ። መስመርሽን በአንድ ጣት ገለበጥኩ፤ ነጥቡንም ባዶውንም አልተውኩም። ከዚያ የማለፊያ ቃል አለኝ። ጻፍኩ። ምንም የለም። ደግሜ ጻፍኩ፣ አንዲት ፊደል አትታይም። ቁልፎቹ ሞቱ ብዬ አንድ በአንድ ነቅዬ በመርፌና በጨርቅ አጸዳኋቸው። ስመልሳቸው ሁለቱ ቦታ ተለዋወጡ። አሁንም አይታይም።

የትምህርት ቤቱን ባለሙያ መንገድ ላይ ሳገኘው አንገቱን ይዤ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። «አባት፣ ይጽፋል እኮ! እንዳይታይ ሆኖ ነው የተሠራው፤ ሌላ ሰው አይቶ እንዳይሰርቅዎ።»

«ከባለቤቱም ይደብቃል?»

«ከባለቤቱም።»

«ለእኔ የማይታየኝን ነው ሰው የሚሰርቀኝ?» ብዬው ተለያየን። ነገሩ ግን ገብቶኛል። በያጅም የመከላከያውን መስተዋት ፊቱ ላይ ሲያወርድ ብረቱን አያየውም፤ እሳቱ እስኪጫር ድረስ በእጁ እምነት ነው። ጨለማ ላይ እንደምጽፍ አድርጌ ጻፍኩት። ተቀበለኝ።

ፎቶዎቹ እንደ ጎርፍ ወረዱ። ጉንዳኗ አጠገቤ ነበረች። «እማማ!» ብላ ጮኸች። አክስትሽን አይታ ነው። ተነሥታ የኮምፒውተሩን መስተዋት ሳመችው፣ የምራቋ ምልክት እስካሁን አለ።

ፍላሹን ገና አልላክሁም። ሥራው አላለቀም፤ ደግሜ ማየት ያለብኝ አለ። አንቺም እስኪ አስታውሺ፤ ያን ጊዜ ካሜራውን ካንቺ ሌላ ማን ይይዘው ነበር?

ስለ ጠየቅሽኝ፤ አዎን፣ ትጠይቃለች።

ሰላሙን ያብዛልሽ።
የአክስትሽ ባል


ታኅሣሥ 22

ለአባቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ሰላምታዬ አጭር ስለሆነ ይቅር ይበሉኝ።

ፎቶዎቹ ወጥተዋል ይሉኛል። ፍላሹ እዚያው አለ ይሉኛል። ታዲያ ለምን አልተላከም? ደጋግመው የሚያዩት ምንድን ነው? ካሜራውን ማን ይይዝ ነበር ብሎ ጥያቄስ ከየት መጣ? እኔ እዚህ ፖስታ ቤቱ ከሚከፈትበት ሰዓት ጀምሮ እየጠበቅሁ፣ እርስዎ የድሮ ወሬ ያወጣሉ።

ልናገረው አልፈልግም ነበር። ልሄድ ስል አክስቴን ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው «እሷ ትሂድ፤ ልጅቷ ግን እዚሁ ትደግ፣ ደርሳ ታመጣታለች ብለሽ እንዳታምኚ» ያሏትን ሰምቻለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ነው ያለው። አክስቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ከእርስዎ ጋር ያለችው ልጄ ብቻ እንደሆነች አውቃለሁ። እሷ ስትሄድ የሚሆነውንም አውቃለሁ። ግን አባቴ፣ ልጄ ናት። ሊነፍጉኝ ፈልገው ከሆነ ኮምፒውተሩን ምክንያት አያድርጉብኝ። በግልጽ ይንገሩኝ።

የተናገርኩት ከመጠን ካለፈ ሩቅነቱ ነው ያናገረኝ።

ልጅዎ


ጥር 14

ይድረስ ለሚስቴ የወንድሟ ልጅ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዓይኔ እንደ ድሮው ስላልሆነ ነው እንጂ አንድ ጊዜም በቂ ነበር።

ከመጋረጃው ወዲያ ያልሁትን ብያለሁ። አልክደውም። ያን ቀን ያልሁት ያን ቀን ያየሁትን ነው። ሰው ሄዶ ሲቀር አይቻለሁ። አንቺ ግን አልቀረሽም፤ አፌን አሲዘሽኛል፤ እሱን ደግሞ ዛሬ እላለሁ። ልጅ የምነፍግ ሰው ግን አይደለሁም። ለመንፈግማ ካሜራውን ከጣሪያው ላይ መልቀቅ ይበቃኝ ነበር።

ፍላሹ ይኸው ፖስታው ውስጥ አለ። ፎቶዎቹ ሁሉ አሉበት። ያልላክሁልሽ ለምን እንደሆነ ከፍተሽ ታዪዋለሽ፤ እኔም በቃሌ ልንገርሽ።

አንቺ የለሽበትም።

አንዱም ላይ የለሽበትም። ልጅሽ በሳፋ ውስጥ አለች። አክስትሽ አዝላት አለች። አክስትሽ ምስር እየለቀመች፣ ልጅሽ እየበተነችባት አለች። እኔ አፌን ከፍቼ ተኝቼ አለሁ፣ ለእሱም እግዜር ይስጥሽ። በራችን ላይ አንድ ዓመት ስትሞላ ያልሽው አለ፤ አክስትሽና እሷ ናቸው። ሐይቁ ዳር ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ አለች። እሱ ላይ ከፊቷ አሸዋው ላይ አንድ ረጅም ጥላ ወድቋል፤ እጆቹን ወደ ፊቱ ከፍ አድርጎ የያዘ ሰው ጥላ ነው። ልጅሽ ጥላውን ረግጣ ትስቃለች። ያ ነሽ አንቺ። ካሜራ የያዘ ሰው አይነሣም፣ አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ እንደያዝሽ ነበርሽ።

ይህን እንዴት ብዬ ልጻፍልሽ? ስንት ጊዜ ወረቀቱ ላይ ተቀምጬ ተነሣሁ። ምናልባት አንዷ ላይ ትገኛለች ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ እንደገና ከመጨረሻው እስከ መጀመሪያው አየሁ።

ጉንዳኗም አብራኝ ታያለች። «ማን ነው ያነሣው?» አለችኝ።

«እናትሽ።»

«እሷስ የት አለች?»

«ከካሜራው በስተኋላ።»

ተነሥታ የኮምፒውተሩን ጀርባ ዞራ አየች። ተመልሳ ተቀመጠች። «ገመድ ብቻ ነው ያለው» አለችኝ።

ጥላ ለቢሮ ይሆን እንደሆነ ጠይቂ። እኔ አላውቅም።

ያጽናሽ።
የአክስትሽ ባል


የካቲት 1

ለአባቴ፤

እጅ እነሣለሁ። ያለፈውን ደብዳቤዬን እሳት ላይ ይጣሉልኝ፣ እንዳልተጻፈ ይሁን።

ፎቶዎቹን አየሁ። ጥላውን ቢሮ ወሰድኩት። ሴትዮዋ ረጅም ጊዜ አየችው። «ይህ የማንም ሊሆን ይችላል» አለችኝ። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ይህን ስትለኝ ቀና ብላ ማየት አቅቷት ነበር።

ለምን እንደሌለሁበት ደግሞ ትዝ አለኝ። ሐይቁ ዳር አክስቴ «አምጪው፣ እኔ ደግሞ እናንተን ላንሣ» ብላ እጇን ዘርግታ ነበር። እርስዎ «ዕቃ የሚነካው የገዛው ነው» አሉ። ይበይዱበት የነበረው ጋራዥ ሕግ ነው፤ አንድ ተለማማጅ መበየጃዎን ካቃጠለብዎ ወዲህ ቤት ድረስ ገብቶ ነበር። አክስቴ የእርስዎን ምላጭ አትነካም፣ እርስዎ የእሷን መቀስ አይነኩም፣ እኔም በካሜራዬ ብቻዬን። እንስቅበት ነበር። የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም። አስታውሺ ብለውኝ ነበር፣ ያስታወስኩት ይህን ነው።

ልብስ ተኳሹን ጠይቄው አንድ ነገር ነገረኝ። ካሜራው ፎቶውን ካርዱ ላይ ያስቀምጣል፣ ቪዲዮውን ግን ካሴቱ ላይ። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ለመሳብ የኛ ኮምፒውተር የሌለው ሌላ ዓይነት ገመድ ያስፈልጋል። ግን ጎማውን ካሴቱ ላይ አድርገው እያጫወቱ፣ የሚፈልጉት ቦታ ሲደርስ የፎቶውን ቁልፍ ቢጫኑ፣ ያቺ ቅጽበት ፎቶ ሆና ካርዱ ላይ ትወርዳለች። ከዚያ ቀድሞ እንዳደረጉት ማውጣት ነው። ብቻ ካሴቱ አርጅቷል፤ ብዙ ወደ ኋላ ከመለሱት ካሜራው ያኝከዋል ብሏል።

ካሴቶቹንም የቀረጽኳቸው እኔ ነኝ። ስለዚህ ተስፋ አላደርግም። እርስዎም አያድርጉ። ግን ይዩልኝ።

ልጅዎ


የካቲት 24

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? አንድ ፎቶ ልኬልሻለሁ። በፈጣን ፖስታ ነው፣ እንዳይዘገይ።

ካሴቶቹ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበሩ። የካሜራዋ መስተዋት የክብሪት ቀፎ ታህላለች፤ መነጽሬ ላይ የአክስትሽን መነጽር ደርቤ፣ ድምፁንም እስከ መጨረሻው ከፍቼ አየሁ። በየካሴቱ ልጅሽ አለች፣ አክስትሽ አለች፣ ያንቺም ድምፅ አለ፤ «ወዲህ ነይ! እዚህ! እናትሽን እይ!» ትያለሽ። ልጅሽም ቀጥታ ወደ እኔ ትመጣና መስተዋቱን ሞልታ ትጠፋለች። ድምፅሽን ከየካሴቱ ሰማሁ። መልክሽ የለም።

የመጨረሻው ካሴት መጨረሻው ላይ ወለል ታየ። ከዚያ ጣሪያ። ከዚያ የበሩ ጉበን ተጋድሞ። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ዳሩን ቀይ ነገር ሸፍኖታል፤ የሰው ጣት ነው። ከዚያ አክስትሽ በሹክሹክታ፦ «በርቷል እንዴ? ቀይዋ በርታለች። ቶሎ፣ ቶሎ፣ ሰውዬው ሳይመጣ።»

ሰውዬው እኔ ነኝ።

ጓሮው ታየ። ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ ተቀምጠሻል፣ ልጅሽን በጉልበቶችሽ መሐል ይዘሽ ጸጉሯን ታበጥሪያለሽ። ቀና አልሽ። «አክስቴ! ቢያይሽ እኮ ይገድልሻል!» ብለሽ ሳቅሽ። አክስትሽ ደግሞ፦ «እኔን? እኔን ገድሎ ካልሲውን ማን ሊፈልግለት!»

እዚህ ላይ ካሜራው ሲጥ አለ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ቅባት የጨረሰ ብረት ብረትን ሲበላ የሚያሰማው ነው። አቆምኩት። ያኔውኑ ባወጣው ካሴቱ ይተርፍ ነበር። ወስጄ ለባለሙያ ብሰጠው፣ ምናልባት ምስሉንም ንግግሩንም እንዳለ ያወጣው ነበር። ግን የባለሙያውን ቀጠሮና የፖስታውን መንገድ ሳስበው ከመጋቢት ያልፋል። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ብዙ አላሰብኩም።

ትንሽ ወደ ኋላ መለስኩት። ቀስ ብዬ። አጫወትኩት። ሲጥ ሲጥ እያለ ወለሉ መጣ፣ ጣሪያው መጣ፣ ሹክሹክታው መጣ። አንቺ ቀና ስትዪ ቁልፉን ተጫንኩ። ቀጭ አለ። «እኔን ገድሎ» እስከሚለው ሄደና ተቆረጠ። ካሴቱን ያወጣሁት በፒንሳ ነው፤ ክሩ እየተቆራረጠ። ካሜራውም ከዚያ ወዲህ ካሴት አይውጥም።

ጎማውን ካርዱ ላይ አዞርኩ፣ ገመዱን ሰካሁ፣ ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ፣ የማይታየውን ቃል ጻፍኩ። አንድ ፎቶ ወረደ። ጥራት የለውም፣ ዳሩም ላይ የአክስትሽ ጣት አለበት። መልክሽ ግን አለ። የልጅሽም አለ። ልጅሽ ማበጠሪያው አሟት ልትጮህ አፏን ከፍታለች። ለካ ድሮም አትወድም።

የአክስትሽን ድምፅ ሁለት ጊዜ ሰማሁ። ሌላው ቀርቶብኛል፤ ቢሮው የጠየቀው ፎቶ ነው እንጂ ድምፅ አይደለም።

ይቅናሽ።
የአክስትሽ ባል


ሚያዝያ 6

ለአባቴ፤

ምን ብዬ ሰላም ልበልዎት? ጉልበትዎን እስማለሁ።

ተቀበሉት። ሴትዮዋ ፎቶውን አየችና ጣቱ ላይ ጣቷን አድርጋ «ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ። «አክስቴ ናት» አልኋት። ማኅተሙን መታችው። ውጭ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ዘበኛው መጥቶ እስኪያስነሣኝ ድረስ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ከአየር መንገዱ የምትመደብ ሴት ተረክባት ታመጣታለች። እኔ መምጣት አልችልም፤ ከወጣሁ አይመልሱኝም።

አሁን ስለ እርስዎ። ተቆጡ አልተቆጡ እናገራለሁ። ጽሑፍዎ ከመስመር እየወጣ ነው። ያለፈው ደብዳቤ ላይ ሁለት መስመር ላይ ላዩን ተደራርቦ ነው የመጣው። ዓይንዎን ሐኪም አይቶታል? ሥራ የምታግዝዎት ሴት ልቅጠርልዎ፣ ወይም የአክስቴ የአጎት ልጅ ዘንድ ይሂዱ፤ ክፍል አላቸው፣ አናግሬያቸዋለሁ። በሰፈሩም ያለብዎትን ዕዳ ሁሉ ይጻፉልኝና እኔ ልጨርሰው፣ በሰው አፍ እንዳይገቡ። ካሜራውንም አሠራልዎታለሁ።

ያንን ካሴት እንደዚያ ማድረግዎን... እሱን መጻፍ አልቻልኩም። ይተዉት።

ልጅዎ


ሰኔ 3

ይድረስ ለልጄ፤

ይህ ሲደርስሽ ጉንዳኗ አጠገብሽ ናት። እንኳን ለዚህ አበቃሽ። የምትጎትተውን ዕቃ ተጠንቀቂ።

ሴትዮዋ መጥታ ወሰደቻት። ደረቷ ላይ ካርድ ያንጠለጠለች ንጹሕ ሴት ናት፣ ጫማዋ ላይ አቧራ የለም። በሩ ላይ ጉንዳኗ ጠየቀችኝ። «አባባ፣ አንተንስ ማን ያበጥርሃል?»

«እኔ ራሰ በራ ነኝ።»

«ጎኑ ላይ እኮ አለህ።»

«እሱን ራሴ እችላለሁ» አልኋት። አላለቀሰችም። ለሴትዮዋ እጇን ሰጥታ ሄደች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ አላለቀሰችም። አንቺ ስትሄጂም እንዲህ ዝም ብላ ነበር፤ ልማድ እንዳይሆንባት።

ሐኪም አይቶኛል። የብየዳ እሳት ነው አለ፤ እኔም ከእሱ በፊት አውቀው ነበር። ቀኙ ጠፍቷል። ግራው እስከ ክረምት ነው። ቀዶ ጥገና የማይመልሰው ዓይነት ነው፣ ስለዚህ አትላኪ፣ አትጠይቂ። ለአክስትሽ የአጎት ልጅ አመሰግናለሁ በይልኝ፤ ክፍላቸውን ያከራዩት። ቤቴን በእጄ ዳብሼ አውቀዋለሁ፣ በሩንም መስኮቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ። ካሜራውም አይሠራ። ፎቶዎቹን ሁሉ በፍላሹ አድርጌ ሻንጣዋ ውስጥ፣ ቢጫው ቀሚስ ኪስ ውስጥ ከትቻለሁ። የአክስትሽም ሁሉ አለበት፣ ምንም አላስቀረሁም። እኔ ዘንድ ከእንግዲህ ሥራ የላቸውም።

ስለ ዕዳ ጠይቀሽኛል። ዕዳ አለብኝ፣ ግን በፖስታ የሚከፈል አይደለም። የአናጢውን መሰላል ወስጄ ሳልመልስ ከርሜአለሁ፤ ተሸክሜ የምወስደው እኔ ነኝ፣ ቀስ እላለሁ። አክስትሽ ስትታመም ሌሊት ሌሊት ተራ ገብታ ላስታመመችልን ባለ ልብስ ስፌቷ የመስኮት ፍርግርግ ቃል ገብቻለሁ። ብረቱ ተቆርጧል፤ ግራው ዓይን ሳለ እበይደዋለሁ፤ ከጠፋም በእጅ እምነት ይሆናል። ለባለ ፎቶ ቤቱ አንድ ይቅርታ አለብኝ። እሱ ብረት ከመሸከም ይከብዳል፣ ግን እሄዳለሁ።

ከጉንዳኗም ጋር ሒሳብ አለን። ሳትሄድ ፊደሉን ላስጨርሳት ቃል ሰጥቻት ነበር፤ የምሰጣት ሌላ የለኝም፣ ያንኑ ልስጣት ብዬ ነው። «ከ» ላይ ስንደርስ ሴትዮዋ መጣች። «ሌላውስ?» ስትለኝ «ይደርስሻል» ብያታለሁ። አንቺ እንዳታስተምሪያት፤ ያ የእኔ ዕዳ ነው። የሚቀጥለውን መስመር ከዚህ ወረቀት ጀርባ በትልቁ ጽፌዋለሁ። ጠማማ ከሆነ የእኔ እጅ ነው እንጂ ፊደሉ እንደዚያ አይደለም በያት። የቀሩትን አሁን፣ እያየሁ፣ እያንዳንዱን በየወረቀቱ ጽፌ እጨርሳቸዋለሁ፤ አንድ አንድ እያልኩ እከፍላለሁ። ማንም እንዳይከፍልልኝ።

የአክስትሽ ባል